640 ኪሎባይት ይበቃችኋል ያለን ማን ነው?

ስለ ኮምፒውተር ታሪክ የሚያወራ ጽሑፍ ገለጥ ያደረገ ሰው አንዲት ወሬ ሳታጋጥመው አትቀርም። የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ በ1981 ዓ.ም. 640 ኪሎባይት ሜሞሪ ለማንም ሰው ይበቃል ብሎ ነበር ትላለች ወሬዋ። ከዚያ ሳቅ ይከተላል። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ሞባይል ሜሞሪው በጊጋባይት ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ ያገኘ ሰውዬ የነገን ማየት ተስኖት ነበር ማለት ነው። እኛም በእሱ ስቀን ገጹን እንገልጣለን።

እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ መከራከር የምፈልገው ይህቺ ወሬ ከጋዜጠኞች እጅ መውጣት አለባት ብዬ ነው። አንደኛ ነገር ምንጭ የላትም። ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ወሬዋ አንድ ሞኝ ሰው አቁማ እያሳቀችን እውነተኛውን ታሪክ ሸፍናብናለች። እውነተኛው ታሪክ የኮምፒውተሩን ወሰን ያሰመሩት ሰዎችና የወሰኑን ዕዳ የከፈሉት ሰዎች የተለያዩ የሆኑበት ታሪክ ነው። ይህ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ጥቅሱን በስድስቱ ጥያቄዎች

አንደኛ ዓመት ስንገባ መጀመሪያ የተማርነው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። እስቲ ወሬዋን በእነዚህ እንፈትሻት። ማን? ቢል ጌትስ። ምን? 640 ይበቃል። መቼ? 1981 ይባላል፣ ወሩም ቀኑም የለም። የት? በየትኛው ስብሰባ፣ በየትኛው መጽሔት፣ ለማን? መልስ የለም። ንግግሩ የተቀዳበት ካሴት ወይም በዚያ ዓመት የታተመ ገጽ ይዞ የቀረበ ሰው የለም። ባለቤቱ ራሱ በ1996 በጋዜጣ ዓምዱ ላይ ብዙ የተሳሳቱ ነገሮችን ተናግሬ አውቃለሁ፣ ይህንን ግን አላልኩም ብሎ አስተባብሏል።

የሚገርመው ደግሞ እውነተኛ ንግግር አለ። በ1989 ጌትስ በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ሲናገር ስለዚሁ ነገር አንስቶ ነበር፤ ንግግሩም በድምፅ ተቀድቷል። እዚያ ላይ ያለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከ64 ወደ 640 ኪሎባይት መዝለሉ ለአሥር ዓመት ያህል ያዘልቃል ብሎ ገምቶ ነበር፤ ነገር ግን ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን ሰዎች ችግር ሆነብን ማለት ጀመሩ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ከውሳኔው ራሱን አላወጣም። ግምቱ መሳሳቱንም አልደበቀም። እንዲያውም ቀጥዬ እንደማሳየው ስድስት ዓመት ማለቱ ራሱ ትንሽ ለጋስ ነበር። ለጋዜጠኛ ከቀልዷ ይልቅ ይህ የተቀዳ ንግግር አይሻልም ነበር? ይሻል ነበር። ግን አያስቅም፤ ስለዚህ አልተሰራጨም።

ወሰኑ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። አትፍሩ፣ ሒሳቡ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ሜሞሪ ማለት እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ያለው በጣም ብዙ ትናንሽ ሣጥን ነው ብላችሁ አስቡት፤ ልክ እንደ ፖስታ ሣጥን። ፕሮሰሰሩ አንዱን ሣጥን ለመክፈት ቁጥሩን መጥራት አለበት። ቁጥሩን የሚጠራው በሽቦዎች ነው፤ እያንዳንዱ ሽቦ ዜሮ ወይም አንድ ይላል። አይቢኤም በነሐሴ 1981 ገበያ ላይ ያወጣው ፒሲ የተሠራበት የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር የአድራሻ ሽቦዎቹ 20 ነበሩ። ሁለትን ሃያ ጊዜ በራሱ ብታባዙት 1,048,576 ይመጣል። ይኸው ነው፣ አንድ ሜጋባይት። ከዚያ በላይ ሜሞሪ ገዝቶ ቢሰካ እንኳ ፕሮሰሰሩ የሚጠራበት ቁጥር የለውም።

አይቢኤም ይህንን አንድ ሜጋባይት ለሁለት ከፈለው። እያንዳንዳቸው 64 ኪሎባይት የሆኑ 16 ቁራጮች አድርገን ብናየው አሥሩን ለፕሮግራሞች ሰጠ፣ ስድስቱን ለስክሪን፣ ለሚሰኩ ካርዶችና ማሽኑን ለሚያስነሳው ቋሚ ፕሮግራም አስቀመጠ። አሥር ጊዜ 64፣ 640 ነው። የተረፈው 384 ነው። ታዋቂው 640 የተወለደው እዚህ ክፍፍል ላይ ነው።

ዶስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ሲስተም በራሱ 640 ላይ ቁም የሚል ሕግ አልነበረውም። ማስረጃ ካስፈለገ፣ በዚያው ዘመን የወጣው ቪክተር 9000 የሚባል ኮምፒውተር ዶስን እያስኬደ እስከ 896 ኪሎባይት ድረስ ይወስድ ነበር፤ ሠሪዎቹ አንዱን ሜጋባይት በሌላ መንገድ ስለከፈሉት። ገበያውን የያዘው ግን የአይቢኤም አከፋፈል ሆነና ሌሎቹም እሱን እየገለበጡ ሠሩ።

ታዲያ አይቢኤሞች ጅሎች ነበሩ? በኔ እምነት አልነበሩም። የመጀመሪያው ፒሲ በትንሹ ሲሸጥ ይዞ የሚመጣው ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ነበር። 640 ማለት የዚያ አርባ እጥፍ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አነስተኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ጣሪያቸው በአብዛኛው 64 ነበር። አርባ እጥፍ ቦታ ትቶ የሄደ ሰው ጠባብ ነበር ማለት ይከብዳል። ማሽኑም አንድ ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ በጥድፊያ የተሠራ ነው። አባቶች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ይህኛው ግን ሳይፈታ ቀርቶ ነው ያስቸገረው።

ከጓዳ ወደ ባንኮኒ

ግድግዳውን መጀመሪያ የነኩት የሒሳብ ሰዎች ናቸው። በ1983 መጀመሪያ ሎተስ 1-2-3 የሚባል የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም ወጣና ኩባንያዎች ወጪና ገቢያቸውን፣ በጀታቸውን በሱ ይሠሩ ጀመር። ሰንጠረዡ ሲያድግ ሜሞሪው ያልቃል። ሥራ ላይ ያለ ሒሳብ መሃል ላይ ይቆማል ማለት ነው። ሎተስና ኢንቴል መላ ይዘው የመጡት በ1985 ነው፤ ፒሲው በተወለደ በአራተኛው ዓመት። ጥቂት ቆይቶ ማይክሮሶፍትም ገባበትና መላው በሦስቱ ስም ሊም ኢኤምኤስ ተባለ። በተለምዶ ኤክስፓንድድ ሜሞሪ የሚሉት ይህ ነው።

አሠራሩ እንደ ሰፈር ሱቅ ነው። ባለሱቁ ጓዳው ውስጥ ብዙ ዕቃ አለው፣ እኛ ግን ወደ ጓዳ አንገባም። የጠየቅነውን እያመጣ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥልናል፤ ባንኮኒው ሲሞላ አንዱን መልሶ ሌላውን ያመጣል። እዚህ ባንኮኒው ለሲስተሙ ከተቀመጠው ቦታ ላይ የተወሰደ 64 ኪሎባይት ሲሆን እያንዳንዳቸው 16 ኪሎባይት የሆኑ አራት ዕቃዎችን ይይዛል። ጓዳው መጀመሪያ እስከ 8 ሜጋባይት፣ በ1987 በወጣው አራተኛው ዕትም ደግሞ እስከ 32 ሜጋባይት ሊሆን ይችል ነበር። ፕሮሰሰሩ አሁንም የሚያውቀው አንድ ሚሊዮን ቁጥሮቹን ብቻ ነው፤ ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለው ዕቃ ነው የሚለዋወጠው። ብልህ መላ ነው። ግን ለዚህ ልዩ ካርድ መግዛት፣ ፕሮግራሙም መላውን እንዲያውቅ ተደርጎ መጻፍ ነበረበት። ካልተጻፈ ጓዳው ሙሉ ሆኖ ደንበኛው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ደረጃ የሌለው ፎቅ

ኢንቴል በበኩሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1982 ያወጣው 286 ፕሮሰሰር 24 የአድራሻ ሽቦ ስለነበረው 16 ሜጋባይት መጥራት ይችላል። አይቢኤም በ1984 ኤቲ የሚባለውን ኮምፒውተር ሠራበት። እንግዲህ ችግሩ ተፈታ ትሉ ይሆናል። አልተፈታም።

ምክንያቱም አዲሱ ፕሮሰሰር ያንን ሁሉ ሜሞሪ የሚጠራው ፕሮቴክትድ ሞድ በሚባል አዲስ አሠራር ሲገባ ነው። ዶስና ያኔ ያሉት ፕሮግራሞች በሙሉ ደግሞ የተጻፉት ለቀድሞው፣ ለሪል ሞድ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ተሠርቶ ተከራዩ መሬት ላይ ብቻ መኖር የሚያውቅ ዓይነት ነገር። ይባስ ብሎ 286 ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ወደ ታች የሚመልስ ደረጃ አልተሠራለትም፤ ለመመለስ ፕሮሰሰሩን ማጥፋትና እንደገና ማስነሳት ያስፈልግ ነበር። ከአንድ ሜጋባይት በላይ ያለው ይህ ቦታ ኤክስቴንድድ ሜሞሪ ተባለ። ኤክስፓንድድ ሌላ፣ ኤክስቴንድድ ሌላ! ስማቸውን ብቻ ሰምቶ የሚለያቸው ሰው ካለ እሱ ጎበዝ ነው።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ኤ20 የሚባለው ነገር ነው። በድሮው ፕሮሰሰር አድራሻው ከአንድ ሜጋባይት ካለፈ ልክ ከ99999 በኋላ ወደ 00000 እንደሚመለስ የታክሲ ኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይዞራል። አንዳንድ ፕሮግራሞች በዚህ መዞር ተማምነው ተጽፈው ነበር። 286 ሲመጣ ሽቦው ስለጨመረ ቆጣሪው አይዞርም፣ ወደፊት ይቀጥላል፤ እነዚያ ፕሮግራሞችም ይበላሻሉ። አይቢኤም ምን አደረገ? ሃያ አንደኛው ሽቦ ላይ በር አበጀለት (ቁጥሩ ከዜሮ ስለሚጀምር ኤ20 ይባላል)። በሩ ሲዘጋ አዲሱ ማሽን እንደ አሮጌው ይሆናል። የበሩን ቁልፍ ደግሞ ማን እንዲይዝ አደረጉ? የኪቦርዱን መቆጣጠሪያ ቺፕ! ያልተያዘ እግር ስለነበረው። እውነቴን ነው። የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ግማሽ መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው የኪቦርድ ዘበኛ ሆነ።

በ1985 የመጣው 386 ነገሩን አቀለለው፤ ከላይኛው ፎቅ ሆኖ የታችኛውን ኑሮ ማስመሰል ይችላልና። በ1988 ደግሞ ማይክሮሶፍት፣ ኢንቴል፣ ሎተስና ኤኤስቲ ኤክስቴንድድ ሜሞሪን በሥርዓት ለመጠቀም የሚያስችለውን ኤክስኤምኤስ የሚባል ስምምነት ይፋ አደረጉ። ሂሜም.ሲስ የምትባለው ትንሽ ፋይል ሥራዋ ይኼ ነበር። ኤ20ን ስትከፍትም ከአንድ ሜጋባይት ማዶ 65,520 ባይት ያህል ሪል ሞድ ውስጥ ሆኖም የሚደረስበት ቦታ ተገኘ። ያ የኪሎሜትር ቆጣሪ ጣጣ በመጨረሻ ለጥቅም ዋለ ማለት ነው። በ1991 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ 5.0 ከራሱ አካል ብዙውን እዚያ ላይ አስቀምጦ ለፕሮግራሞች በአሥር የሚቆጠሩ ኪሎባይቶች ለቀቀላቸው።

ዕዳውን ማን ከፈለ?

እስካሁን ያወራሁት ስለ መሐንዲሶች ነው። አሁን ወደ ተራው ተጠቃሚ እንምጣ፤ የእኔ ነጥብ ያለው እዚህ ነውና።

በ1992 ወይም በ1993 አራት ሜጋባይት ያለው ኮምፒውተር የገዛ ሰው አስቡ። ገንዘቡን ከፍሏል። አንድ ፕሮግራም ሊከፍት ሲል ግን ማሽኑ በቂ ሜሞሪ የለም ይለዋል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደል? ፕሮግራሙ የሚፈልገው ከ640ው ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ዶስ ራሱ አለ፣ የማውዙ ድራይቨር አለ፣ የሲዲው አለ፣ የድምፁ አለ። እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ኪሎባይት ቆርሶ ይወስዳል። አንዳንድ ጌሞች ደግሞ ከ640ው ከ600 በላይ ነፃ ሆኖ ካልጠበቃቸው አንነሳም ይሉ ነበር።

ስለዚህ ሰውየው ኮንፊግ.ሲስ እና ኦቶኤግዜክ.ባት የሚባሉ ሁለት ፋይሎችን ከፍቶ መስመር በመስመር መጻፍ ይጀምራል። የቱ ድራይቨር ይቅደም፣ የቱ ይከተል፣ የቱ ከ640 በላይ ባሉት ክፍት ቦታዎች ይሸጎጥ። ቅደም ተከተሉ ሲቀየር የሚተርፈው ሜሞሪ ይቀየራል። ብዙ ሰው ለአንድ ጌም አንድ፣ ለሌላው ሌላ ማስነሻ ፍሎፒ ያዘጋጅ ነበር። ይህን ማስተካከል የሚሸጥ ሥራ ሆነ፤ ኳርተርዴክ የተባለ ኩባንያ ኪውኢኤምኤም የሚባል ፕሮግራም እየሸጠ ኖሯል። ማይክሮሶፍትም በ1993 ዶስ 6.0 ላይ ሜምሜከር የሚባል አስተካካይ ጨመረ።

እኔ የተወለድኩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስለሆነ በወሬ ብቻ እንዳይቀርብኝ በዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ዶስቦክስ የሚባለውን፣ ድሮ የነበረውን ማሽን የሚያስመስል ነፃ ፕሮግራም ጫንን። ሜም ብላችሁ ስትጽፉ መደበኛው ይህን ያህል፣ ኤክስቴንድዱ ይህን ያህል፣ ኤክስፓንድዱ ይህን ያህል እያለ ለየብቻ ይዘረዝርላችኋል። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሜሞሪ፣ ግን ልክ እንደ ሦስት መሥሪያ ቤት ካዝና፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ማዛወር ማመልከቻ ይጠይቃል። ያንን ዝርዝር ሳይ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ።

በመጨረሻ የጌም ሠሪዎች በር ሰበሩ። በታኅሣሥ 1993 የወጣው ዱም 386 እና አራት ሜጋባይት ይፈልግ ነበር። ዶስ/4ጂደብሊው የሚባል ፕሮግራም ይዞ ይነሳና ዶስን ከታች ትቶ ራሱ ፕሮቴክትድ ሞድ ላይ ይሮጣል። ፋይል ማንበብ ሲፈልግ ብቻ ወደ ዶስ ዞር ይላል። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ አብዛኛው ሰው ከዚህ ጣጣ ቀስ በቀስ ተገላገለ።

«አቦ ተወን፣ ቀልድ ናት እኮ»

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው ያለኝ ይህንን ነው፦ «አቦ ተወን! ቀልድ ናት እኮ፣ ማን ተጎዳ?» ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ልመልስ።

የተጎዳው የአንባቢው ማስተዋል ነው። ጥፋቱን አንድ ሰው አፍ ላይ ስናስቀምጠው ሌላ የምንጠይቀው አይኖርም። ሞኝ ተናገረ፣ አበቃ። ከላይ የዘረዘርኩት ታሪክ ግን ሞኝ የለበትም። ሃያ ሽቦ ማድረግ ለ1981 ምክንያታዊ ነበር። አሥር ለስድስት መክፈል ምክንያታዊ ነበር። ሰዎች ገንዘብ የከፈሉባቸው ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ኤ20 ላይ በር መሥራትም ምክንያታዊ ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ልክ የሆነ ውሳኔ ተደራርቦ ተራው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ኮንፊግ.ሲስ ሲያርም እንዲያድር አደረገው። ይህ ነው ዜናው።

ሌላም ተቃውሞ አለ። አሮጌውን ነገር እስከ መቼ ይጠግኑታል፣ ለምን አፍርሰው አዲስ አልሠሩም ሊባል ይችላል። ሞክረው ነበር። አይቢኤምና ማይክሮሶፍት በ1987 ኦኤስ/2 የሚባል ለ286 ፕሮቴክትድ ሞድ የተሠራ ሲስተም አውጥተዋል። የዶስ ፕሮግራም ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነበር የሚያስኬደው። ሕዝቡ ፕሮግራሞቹ፣ ፋይሎቹ፣ የለመደው እጁ ሁሉ ዶስ ላይ ነበርና አልተከተላቸውም። ስለዚህ ጥገናውን የመረጡት ኩባንያዎቹ ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ከፋዩም በከፊል መርጦታል። እኔ በዚህ ላይ የማልሸሽገው አቋም አለኝ፦ የሰውን የቆየ ሥራ ሳይሰብሩ መጠገን ትክክል ነበር። ትክክል ያልሆነው የጥገናውን ድካም ባለሙያ ባልሆነው ሰው ትከሻ ላይ ጭኖ ለዓመታት መቆየቱ ነው። ሜምሜከር በ1993 መምጣት ከቻለ ለምን ቀደም ብሎ አልመጣም ብሎ መጠየቅ ጌትስ አለ በተባለው ነገር ከመሳቅ የበለጠ ይጠቅማል።

የእኛው 256

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ የሚመስለው ካለ ወደ ፊደላችን ይመልከት። በአንድ ባይት ውስጥ የሚገባው ከ256 የማይበልጥ ልዩ ልዩ ምልክት ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ከበቂም በላይ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱን በ7 ስናባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ቋና ሏ፣ 20ዎቹ ቁጥሮች ከ፩ እስከ ፼፣ አራት ነጥቡና ድርብ ሰረዙ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። በዚያ ላይ የላቲኑም ፊደል አብሮ ቦታ ይፈልጋል።

በዶስም ሆነ በመጀመሪያዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ፊደላችንን ለመጻፍ የደከሙ ባለሙያዎች ያደረጉት ልክ ከላይ ያየነውን ዓይነት ነው፤ በጠባብ ቦታ ላይ መላ መፍጠር። አንዱ ፊደሉን ለብዙ ፎንት ይከፋፍለዋል፣ ሌላው ቅጥያዎቹን ለየብቻ አድርጎ ይገጣጥመዋል። ሥራቸው የሚደነቅ ነው። ሆኖም ሁሉም በየራሱ አደራደር ስለሠራ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት አይነበብም ነበር። እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቋሚ ቁጥር ያገኘው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። እስከዚያና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በአሮጌው አደራደር የተጻፈ ዶክመንት ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘራበት ገጽ ሆኖ ይታያል። በቃል መፈለግማ የማይታሰብ ነው።

ይህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል? ማጣቀሻ የምንፈልግበት የድሮ ጽሑፍ፣ የተተየበ ቃለ መጠይቅ፣ ያልታተመ ረቂቅ በዚህ ዓይነት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ባይት ስምንት ቢት ይሁን ሲባል የእኛን ፊደል ልጎዳ ብሎ የተነሳ ሰው አልነበረም። ምክንያታዊ ውሳኔ ነበር። ግን ጠረጴዛው ላይ ያልነበርነው እኛ ዕዳውን ከፈልን። የዶሱም ታሪክ የፊደላችንም ታሪክ በዚህ አንድ ናቸው።

የዚህ ዓይነት ወሰን ደግሞ አላለቀም። ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች በተራቸው 4 ጊጋባይት ላይ ቆመው ነበር፤ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ የነበራቸው ሰዎች አራት ጊጋባይት ሰክተው ሦስት ከምናምን ብቻ ሲታያቸው ግራ የገባቸው የተወሰነው አድራሻ ለካርዶችና ለሌሎች ዕቃዎች ስለተያዘ ነው። ልክ እንደ ጥንቱ 384። ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥሩ ሲስተሞች ደግሞ በጥር 2038 ቁጥራቸው ይሞላል። ያኔም አንድ ሰው ይፈለግና አንድ ጥቅስ አፉ ላይ ይለጠፍ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን ሁለት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በዚህች መጽሔታችን ላይ መቼና የት እንደተነገረ የማይታወቅ የታዋቂ ሰው ጥቅስ አይውጣ። ይባላል የምትል ቃል ከፊት ስለተቀጠለችለት ብቻ ነፃ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ስለ ቴክኖሎጂ ስንጽፍ አዲስ ወጣ፣ ይህን ያህል ጊጋባይት አለው ብለን አናቁም። ይህ ወሰን ለምን እዚህ ላይ ቆመ? ማን ወሰነው? ወሰኑ ሲደርስ ድካሙ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ብለን እንጠይቅ። እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሁለትን ሃያ ጊዜ ማባዛት የሚችል ሰው ይበቃል።

መጠየቅ ለሚጀምር ሰው ሥራው ቅርብ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ፋይሎችን ማን እየለወጣቸው ነው? ያልተለወጡትስ ምን ይሆናሉ? እስከ መጪው ዕትም አንዳችን ይህንን ይዘን ብንወጣ ደስ ይለኛል።